ሬዲዮሄድ፦ ድምፃቸው ለምን ይቀያየራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬዲዮሄድ የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በአንድ ዘፈን ብቻ አውቆ ሌላውን አልበም ሲከፍት ግራ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። አንዱ አልበም ላይ ሦስት ጊታር አንድ ላይ ይጮሃል፣ ሌላው ላይ ጊታር አለ ወይስ የለም ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ስለነሱ ሲወራ ሁሌ የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቆይ፣ እነማን ናቸው?

አምስት እንግሊዛውያን ናቸው፣ ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን በምትባል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ። ቶም ዮርክ ይዘፍናል፣ ጊታርና ፒያኖም ይጫወታል። ጆኒ ግሪንዉድ ጊታሪስት ነው ይባላል እንጂ ያልነካው መሳሪያ የለም። ታላቅ ወንድሙ ኮሊን ቤዝ፣ ኤድ ኦብራየን ጊታር፣ ፊሊፕ ሴልዌይ ድራም። በ1985 ሲጀምሩ ልምምዳቸው አርብ አርብ ስለነበር ራሳቸውን ኦን ኤ ፍራይዴይ ብለው ነበር፣ በ1991 ኢኤምአይ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ለስድስት አልበም ሲፈራረሙ ኩባንያው ስም ቀይሩ ስላላቸው ቶኪንግ ሄድስ ከሚባለው ባንድ ዘፈን ርዕስ ወስደው ሬዲዮሄድ ሆኑ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያ አልበማቸው ከወጣ ጀምሮ ማንም አልወጣም፣ ማንም አልገባም። አብዛኛው ባንድ ድምፁ የሚቀየረው አንዱ ለቆ ሌላ ሲተካ ነው፣ እነዚህ ግን ያንን ሁሉ የተለያየ ሙዚቃ ያመጡት ያው አምስቱ ሆነው ነው። ስድስተኛ ሰው አለ ከተባለ ናይጀል ጎድሪች ነው፣ ሁለተኛው አልበም ላይ የድምፅ ኢንጂነር ሆኖ ገባ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ፕሮዲውሰራቸው ሆነ። የአልበም ሽፋኖቻቸውን ደሞ ከ90ዎቹ ጀምሮ ከቶም ጋር ሆኖ የሚሰራው ስታንሊ ዶንዉድ ነው።

እኔ የማውቃቸው በ"ክሪፕ" ነው፣ እውነት ዘፈኑን ይጠሉታል?

ለረጅም ጊዜ ሸሽተውታል፣ ይሄ እውነት ነው። "ክሪፕ" በ1992 ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፣ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 በጣም ያስተክዛል ብሎ ብዙም አላጫወተውም። መጀመሪያ ሂት የሆነው እስራኤል ነው፣ እዛ ሬዲዮ ላይ በተደጋጋሚ ተጫውቶ ሰዉ ወደደው፣ ከዛ አሜሪካ ተያያዘ፣ በ1993 እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ሲወጣ ሰባተኛ ደረጃ ገባ። አዝማቹ ከመምጣቱ በፊት ያለውን "ክርች ክርች" የሚል የጊታር ድምፅ ታስታውሳላችሁ? ጆኒ ዘፈኑ በጣም ለስላሳ ሆኖበት ሊረብሸው ብሎ ያደረገው ነው፣ እና ዘፈኑን ያዳነው እሱ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ ከዛ በኋላ ነው የመጣው። የሄዱበት ኮንሰርት ሁሉ ሰዉ "ክሪፕ"ን ሰምቶ መውጣት ጀመረ። ገና አንድ አልበም ያላቸው በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች የአንድ ዘፈን ባንድ ተብለው ሊቀሩ ነው። "ማይ አይረን ላንግ" የሚለውን ዘፈን የጻፉት ስለዚህ ነው፣ ሂቱን በህይወት የሚያቆይህ ግን ካልጋ የማያስነሳህ የመተንፈሻ ማሽን አድርገው ነው የሳሉት። ብዙ ዓመት ኮንሰርት ላይ ሳይጫወቱት ቆይተው በ2016ቱ ቱር መለሱት። በኔ አስተያየት የነሱን ታሪክ በሙሉ ለመረዳት ይሄን አንድ ፍርሃት ማወቅ ይበቃል፣ ሰው አንድ ነገር ላይ ሊያስቀምጣቸው ሲል ይነሳሉ።

ሁለተኛው አልበም ላይ ምን ተቀየረ?

የመጀመሪያው "ፓብሎ ሃኒ" (1993) በሦስት ሳምንት ገደማ የተቀዳ ነው፣ ጥሩ ጥሩ ነገር አለው ግን የዛን ጊዜ የአሜሪካ ሮክ ነው የሚሸተው። "ዘ ቤንድስ" (1995) ላይ ነው ራሳቸውን ያገኙት። ቀረጻው ቀላል አልነበረም፣ ኩባንያው ሌላ ሂት ስጡን እያለ ተጭኗቸው ስቱዲዮ ውስጥ ተጨናነቁ፣ ከዛ ሥራውን አቋርጠው ቱር ወጡ፣ አዲሶቹን ዘፈኖች ሰው ፊት ተጫውተው ሲመለሱ ያ ሁሉ ጭንቀት ቀሎ በቶሎ ጨረሱት። ቶም ድምፁን ለቆ መዝፈን የጀመረው እዚህ ነው። "ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ"ን የቀዳው አሜሪካዊውን ዘፋኝ ጄፍ በክሊን ለንደን ላይ ሲጫወት አይቶ ከተመለሰ በኋላ ነው፣ እና ያ ቀጭን ከፍ የሚል ድምፅ እንደሚያሳፍር ነገር መደበቁን ያን ቀን ያቆመ ይመስለኛል። ሦስቱ ጊታሮችም እዚህ ሥራ ተከፋፍለዋል፣ አንዱ ሪትም ይይዛል፣ አንዱ ዜማ፣ ኤድ ደሞ በኢፌክት ፔዳሎቹ ከጀርባ ድባብ ይሰራል።

"ኦኬ ኮምፒዩተር" ለምን እንደዚህ ይወራለታል?

ምክንያቱም ከ"ዘ ቤንድስ" በኋላ ያንኑ ደግመው ቢሰሩ ስታዲየም ይሞላ ነበር፣ እነሱ ግን በ1997 ስድስት ደቂቃ ከምናምን የሚሄድ፣ ሦስት የተለያዩ ዘፈኖች ተሰፍተው የተሰራ የሚመስል፣ "ፓራኖይድ አንድሮይድ" የሚባል ነገር የመጀመሪያ ሲንግል አድርገው አወጡ። እና እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ገባ! አልበሙ አንደኛ ሆነ፣ ግራሚም በላ።

አብዛኛውን የቀዱት ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም፣ ባዝ ከተማ አጠገብ ያለ የተዋናይዋ ጄን ሲሞር የነበረ አሮጌ ትልቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ይሄ ለወሬ ማሳመሪያ ያነሳሁት አይደለም፣ ይሰማል። "ኤግዚት ሚውዚክ" ላይ የቶም ድምፅ የሚያስተጋባው በማሽን አይደለም፣ የድንጋይ ደረጃ ላይ ሆኖ ስለዘፈነ ነው። "ሌት ዳውን"ን የቀዱት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤቱ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ነው። "ኤርባግ" ላይ ደሞ የፊሊፕን ድራም ቀድተው ቆራርጠው እንደገና ቀጣጥለውታል፣ ዲጄ ሻዶው እንደሚሰራው ለመስራት ብለው፣ ስለዚህ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ነገር ምልክቱ የመጀመሪያው ትራክ ላይ አለ። አልበሙ ስለ ኮምፒዩተር ነው ይባላል፣ እኔ ስለ ፍጥነት ነው የምለው። መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ ስብሰባው፣ ዜናው፣ ሁሉም የሚሮጥበት ዓለም ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዘፍን አንድ ሰው።

"ኪድ ኤ" ላይ ጊታሩ የት ሄደ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። የ"ኦኬ ኮምፒዩተር" ቱር ቶምን ሰበረው። "ሚቲንግ ፒፕል ኢዝ ኢዚ" የሚለው ዶክመንተሪ ላይ ታዩታላችሁ፣ ኢንተርቪው ከኢንተርቪው፣ ሆቴል ከሆቴል፣ ፊቱ እየጠፋ ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ መጻፍ አቃተው፣ ጊታር ሲያነሳ የሚወጣው ሁሉ አስጠላው፣ ደሞ በዛ ሰዓት ሬዲዮው ሁሉ እነሱን በሚመስሉ ባንዶች ተሞልቶ ነበር፣ ራስህን በሌላ ሰው አፍ እንደመስማት ነው። ስለዚህ ዋርፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኩባንያ ያወጣቸውን ሙዚቃዎች ገዝቶ አፌክስ ትዊንና ኦቴከርን መስማት ጀመረ፣ ውስጡ የሰው ድምፅ የሌለበት፣ ግን ስሜት ያለበት ሙዚቃ።

በ1999 መጀመሪያ ፓሪስ ገቡ፣ ከዛ ኮፐንሃገን፣ ከዛ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ፣ እና ለብዙ ወር ምንም የሚያልቅ ነገር የለም። እስቲ አስቡት፣ ሦስት ጊታሪስት ያለበት ባንድ ውስጥ ዘፋኙ መጥቶ ጊታር አልፈልግም ይላል። ኤድ ምን ልስራ ብሎ ተጨነቀ፣ ባንዱ ሊፈርስ እንደሚችልም ተነጋግረዋል። ጎድሪች ያመጣው መፍትሄ ለሁለት መክፈል ነበር፣ ግማሹ ዋናው ክፍል ውስጥ ግማሹ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጊታርና ድራም ሳይነካ ድምፅ እንዲፈጥር። ከዛ በኋላ ነው አምስቱም አንድ ነገር የገባቸው፣ ባንድ ማለት እያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱ ዘፈን ላይ የግድ መጫወት አለበት ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ አስተዋፅኦህ ዝም ማለት ነው። ለሙዚቀኛ ይሄን መቀበል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ባንድ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ውጤቱን ስሙት። "ኤቭሪቲንግ ኢን ኢትስ ራይት ፕሌስ" በፕሮፌት 5 ሲንተሳይዘር ይጀምራል፣ የቶም ድምፅ ተቆራርጦ ተገልብጦ ዙሪያችሁን ይዞራል። "አይዲዮቴክ" የመጣው ጆኒ በሃምሳ ደቂቃ ገደማ ካጠራቀመው የድምፅ ሙከራ ውስጥ ነው፣ ቶም ያንን ሁሉ ሰምቶ ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ቁራጭ መርጦ ዘፈኑን እሷ ላይ ሰራው። ቁራጯ ፖል ላንስኪ የሚባል አሜሪካዊ አቀናባሪ በ1973 በኮምፒዩተር ከሰራው ሙዚቃ የተወሰደች ናት፣ ስሙም ተጠቅሶለታል። "ሃው ቱ ዲሳፒር ኮምፕሊትሊ" ላይ የሚያለቅስ የሚመስለው ድምፅ ኦንድ ማርተኖ ነው፣ በ1928 ፈረንሳይ ውስጥ የተሰራ ጥንታዊ የኤሌክትሮኒክ መሳሪያ፣ ጆኒ ገና ተማሪ እያለ በፈረንሳዊው አቀናባሪ ሜሲያን ሙዚቃ የወደደው። ግጥሙንም ቶም አንዳንዱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቆራርጦ ኮፍያ ውስጥ ከቶ፣ የወጣለትን እያነሳ ነው የገጣጠመው፣ ስለዚህ ትርጉሙ አልገባኝም ብላችሁ አትጨነቁ።

እና ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ጊታሩ አልጠፋም። "ኦፕቲሚስቲክ" ላይ አለ፣ "ኢን ሊምቦ" ላይ አለ። የጠፋው የጊታር ንግሥና ነው። በጥቅምት 2000 አንድም ሲንግል ሳይለቀቅ፣ ከመውጣቱ በፊት ሰው ሙዚቃ በነፃ በኢንተርኔት የሚለዋወጥበት ናፕስተር ላይ ሾልኮ ወጥቶ፣ እንግሊዝም አሜሪካም አንደኛ ሆነ። አሜሪካ ላይ አንደኛ ሲሆኑ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

"አምኒዚያክ" የ"ኪድ ኤ" ትርፍራፊ ነው?

ኧረ በጭራሽ! ቀረጻው ያው አንድ ላይ ነው፣ በ2001 ለብቻው ወጣ፣ ግን ስሜቱ ሌላ ነው። "ኪድ ኤ" ቀዝቃዛ ከሆነ ይሄኛው የጃዝና የሐዘን ሽታ አለው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ የእንግሊዝ የጃዝ አንጋፋ ሃምፍሪ ሊትልተን ከባንዱ ጋር መጥቶ ትራምፔት ነፍቶላቸዋል፣ እንደ ድሮ የኒው ኦርሊንስ ቀብር ይሰማል።

የኔ ምርጥ ግን "ላይክ ስፒኒንግ ፕሌትስ" ነው። "አይ ዊል" የሚባል ዘፈን እየሞከሩ አልጥም አላቸው፣ ቴፑን ወደኋላ ሲያጫውቱት ግን አማረ። ቶም የተገለበጠውን ዜማ አጥንቶ ዘፈነው፣ የሱም ድምፅ ተገለበጠ፣ ስለዚህ የምትሰሙት ቃል ወደፊት ይሄዳል ግን አተነፋፈሱ ወደኋላ ነው። "አይ ዊል" ራሱ ደሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀጣዩ አልበም ላይ በደህና ወጣ። አንድ ያልተሳካ ሙከራ ሁለት ዘፈን ወለደ።

"ሄይል ቱ ዘ ቲፍ"ስ?

2003። ሎስ አንጀለስ ሄደው በሁለት ሳምንት ገደማ አብዛኛውን ቀዱት፣ ጊታሩም ኮምፒዩተሩም አንድ ላይ ነው። "ዜር ዜር" እና "ኤ ዉልፍ አት ዘ ዶር" ለኔ ከምርጦቻቸው ውስጥ ናቸው፣ ግን 14 ዘፈን ይበዛል፣ ራሳቸውም በኋላ ረዝሟል ብለዋል። ከኢኤምአይ ጋር የነበረው ውል እዚህ ላይ አለቀ።

አልበም በነፃ ሰጡ የሚባለው እውነት ነው?

"የፈለጋችሁትን ክፈሉ" ነው ያሉት። ጥቅምት 1 ቀን 2007 ጆኒ ድረገጻቸው ላይ አዲሱ አልበም "ኢን ሬይንቦውስ" አልቋል፣ በአስር ቀን ውስጥ ይወጣል ብሎ ጥቂት መስመር ጻፈ፣ ሲከፈት የዋጋው ቦታ ባዶ ነው፣ ዜሮ ብትጽፉም ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። የኩባንያ ውል ስለሌለባቸው ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። በኋላ ሲዲው ሱቅ ሲገባ ብዙ ሰው በነፃ ያገኘው አልበም እንግሊዝና አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆነ።

ግን ስለ "ኢን ሬይንቦውስ" ሲወራ ሁሌ ስለ ዋጋው ብቻ መወራቱ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሙዚቃው ከዚያ ይበልጣል። ያ ሁሉ የኮምፒዩተር ትምህርት ወደ አምስት ሰው ባንድ የተመለሰበት አልበም ነው። "15 ስቴፕ" በአምስት የሚቆጠር ምት ነው፣ በእጃችሁ ለማጨብጨብ ሞክሩ፣ ግን ከባድ መሆኑን ሳታውቁ ያስጨፍራችኋል። "ዊርድ ፊሺስ" ላይ ሦስቱ ጊታሮች ጥቃቅን ኖታ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፣ ማን የቱን እንደሚጫወት መለየት ያቅታል። ሞቅ ያለ፣ ሰው ሰው የሚሸት አልበም ነው።

አንድ ዘፈን ለምን አስር ሃያ ዓመት ያስቀምጣሉ?

ለኔ የዚህ ባንድ ዋናው ምስጢር እዚህ ነው። ሰው ድምፃቸው ስለሚቀያየር ፋሽን የሚከተሉ ይመስለዋል፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው፣ ዘፈኑ ቀድሞ አለ፣ የሚፈለገው የሚስማማው ድምፅ ነው፣ እስኪገኝ ይጠብቃሉ።

"ኑድ" የተጻፈው በ"ኦኬ ኮምፒዩተር" ጊዜ ነው፣ በ1998 ኮንሰርት ላይ ተጫውተውታል፣ አልበም ላይ የገባው በ2007። ምን ሲጠብቅ ነበር? የኮሊንን ቤዝ። ኮሊን አዲስ የቤዝ መስመር ሲያመጣለት ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው ዘፈን መንሳፈፍ ጀመረ። "ሊፍት" ደሞ በ1996 ዘፋኟን አላኒስ ሞሪሴትን አጅበው በዞሩበት ጊዜ የሰማው ሰው ሁሉ የወደደው፣ ግልጽ ሂት የሚሆን ዘፈን ነው፣ እነሱ ግን ወደዛ መንገድ እንዳይወስዳቸው ፈርተው አስቀሩት፣ እስከ 2017 አልወጣም። "ክሪፕ"ን አስታውሱ።

"ትሩ ላቭ ዌይትስ" ግን ከሁሉም ይለያል። በ1995 ብራሰልስ ላይ ቶም በአኩስቲክ ጊታር ዘፈነው። ደጋግመው ሊቀዱት ሞክረው አልሆነም፣ በ2001 የኮንሰርት ቅጂው ብቻ ወጣ፣ ፋኖች እየለመኑ ኖሩ። በ2016 "ኤ ሙን ሼፕድ ፑል" የሚባለው አልበም መዝጊያ ሆኖ መጣ፣ ጊታሩ የለም፣ ቀስ የሚል ፒያኖ ብቻ፣ ከዛ ሌላ ፒያኖ ላዩ ላይ ይደረብበታል፣ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ግን አብረው ይሄዳሉ። ግጥሙ ያው ነው። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሲዘፍነው ልመና ነበር፣ አርባ ሰባት ዓመቱ ላይ ያው ልመና መልሱን አውቆ የሚለምን ሰው ሆነ። ይሄን በ1997 ስቱዲዮ ገብተው በጊታር ቢጨርሱት ኖሮ ጥሩ ዘፈን ይሆን ነበር፣ በቃ።

"ዘ ኪንግ ኦፍ ሊምብስ" አልገባኝም፣ ብቻዬን ነኝ?

አይደላችሁም። 2011፣ ስምንት ዘፈን፣ 37 ደቂቃ፣ አብዛኛው ከሉፕ (እየተደጋገመ ከሚዞር አጭር የድምፅ ቁራጭ) የተሰራ፣ ብዙ ፋን ቅር ብሎታል። እኔ የምመክረው አልበሙን ትታችሁ መጀመሪያ "ፍሮም ዘ ቤዝመንት" የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የተቀረጸውን ላይቭ እንድታዩ ነው፣ ክላይቭ ዲመር የሚባል ሁለተኛ ድራመር ጨምረው ሁለት ሰው ድራሙን ሲከፋፈሉት ዘፈኖቹ ህይወት ይዘራሉ። ከዛ ወደ አልበሙ ተመለሱ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

አንድ ቀጭን ክር አለ። በ1984 የኛን ረሃብ (የ77ቱን) አይተው ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ባንድ ኤይድ ብለው የሰሩት የገና ዘፈን ነበር። በ2004 ለሃያኛ ዓመቱ እንደገና ሲቀዳ፣ ያኔ ትኩረቱ ዳርፉር ላይ ነበር፣ ፕሮዲውሰሩ ናይጀል ጎድሪች ነበር፣ ቶም ፒያኖ ጆኒ ጊታር ተጫውተዋል፣ ቤዝ ላይ ፖል ማካርትኒ። የዘፈኑ ግጥም ስለኛ የሚለው ነገር ብዙ ኢትዮጵያዊን ቅር እንደሚያሰኝ ይታወቃል፣ እኔንም ያሰኘኛል፣ ግን ጥያቄው ስለ ግንኙነት ስለሆነ ያለው ይሄ ነው።

አሁንም አሉ?

አሉ። ከ2016 በኋላ አዲስ አልበም የለም፣ ቶምና ጆኒ ከድራመሩ ቶም ስኪነር ጋር ዘ ስማይል የሚባል ባንድ መስርተው ሦስት አልበም አወጡ፣ ጆኒ ለፊልም ሙዚቃ መጻፉን ቀጠለ፣ ለኦስካርም ታጭቷል። በ2025 መጨረሻ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ አምስቱ አንድ ላይ መድረክ ላይ ወጡ፣ ማድሪድ፣ ቦሎኛ፣ ለንደን፣ ኮፐንሃገንና በርሊን። በዛው ዓመት "ሌት ዳውን" በቲክቶክ ተዛምቶ ከወጣ 28 ዓመት በኋላ የአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ቢልቦርድ ሆት 100 ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች ናቸው ያስገቡት፣ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከ"ኢን ሬይንቦውስ"፣ ያለ ክርክር። ከዛ ጊታር ከወደዳችሁ ወደ "ዘ ቤንድስ" እና "ኦኬ ኮምፒዩተር"፣ ስትሪንግና ፒያኖ ከወደዳችሁ ወደ "ኤ ሙን ሼፕድ ፑል" ሂዱ። "ኪድ ኤ"ን ሦስተኛ ወይ አራተኛ አድርጉት፣ በሄድፎን፣ ሳታቋርጡ፣ ስልክ ሳትነኩ፣ ዘፈን እየመረጣችሁ አይሆንም። መጀመሪያ ካልያዛችሁ ለወር ተዉትና ተመለሱበት። "ፓብሎ ሃኒ"ን መጨረሻ ስሙት፣ የት እንደደረሱ ካወቃችሁ በኋላ ከየት እንደተነሱ መስማት ይጥማል።